የፐርሊን ማምረቻ መስመርን በኮምፒውተር ማስመርመር፦ ጅማ ውስጥ የተጠቀምንበት የሲሙሌሽን አገልግሎት ግምገማ

ላሜራን ሳያሞቁ በተከታታይ የሮለር ጥንዶች መካከል እያሳለፉ ቅርጽ የሚያስይዙ ወርክሾፖች፣ አዲስ ሮለር ቶርኖ ቤት ከማስቀረጻቸው በፊት ሥራውን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ማለትም ማሽኑንና ላሜራውን በስሌት አስመስሎ በማሠራት፣ የሚያስፈትሹበት አገልግሎት ዛሬ ጅማ ውስጥም ይገኛል። ይህ ግምገማ የእኛ ወርክሾፕ ለጣሪያ ፐርሊን (የጣሪያ ቆርቆሮ ለሚመታበት አግዳሚ ብረት) ማምረቻ መስመሩ የተጠቀመበትን አንድ እንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚመለከት ነው። አገልግሎቱን የሚሰጡት በቁጥር ጥቂት የሆኑ ወጣት የሜካኒካል መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ጽሑፉ ማስታወቂያም ክስም እንዳይመስል ስማቸውን አልጠቅስም። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ አገልግሎቱ የተከፈለበትን ገንዘብ ያወጣል፤ ነገር ግን ዋጋ ያለው በስክሪን ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ምስል ሳይሆን፣ ምስሉ ከመሠራቱ በፊት ማሽኑም ላሜራውም በጥንቃቄ መለካታቸው ነው። ልኬቱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ምስሉ የሚሄድ አቅራቢ ያጋጠመው ሰው ገንዘቡን ያረጁ ኩሽኔታዎችን ለመቀየር ቢያውለው ይሻለዋል።

የምናመርተው ፐርሊን የሲ ቅርጽ ያለው ሆኖ ጀርባው 150 ሚሊ ሜትር፣ ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፉት ከንፈሮቹ 20 ሚሊ ሜትር፣ የላሜራው ውፍረት ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱም በገበያው እንደተለመደው 6 ሜትር ነው። መስመሩ አገልግሎ የተገዛ በመሆኑ ሦስት ጉድለቶች አብረውት ኖረዋል። አንደኛው በከንፈሩ ጠርዝ ላይ የሚታየው ሞገድ ነው። ሁለተኛው ፐርሊኑ ወለል ላይ ሲጋደም አንዱ ማዕዘን ከመሬት እንዲነሳ የሚያደርገው መጠማዘዝ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ፐርሊኑ በተቆረጠ ቁጥር አንዱ ጫፍ መክፈቱ፣ ሌላው መጥበቡ ነው። እነዚህ ጉድለቶች የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። የተጠማዘዘ ፐርሊን ላይ የተመታ ቆርቆሮ በእኩል አይቀመጥም፣ የቆርቆሮዎቹ መደራረቢያም ክፍተት ይፈጥራል፤ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ዝናብ በማይለየው በጅማና በአካባቢዋ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቱ ክፍተት የሚገባው ውኃ በቀጥታ የሚወርደው የቡና መጋዘን ውስጥ በተደረደረ ጆንያ ላይ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን መፍትሔ ሆኖ የቆየው የአንጋፋው ኦፕሬተራችን እጅ ነበር። አንዱን ቡሎን ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፣ ከሻፍቱ መያዣ ሥር ስስ የላሜራ ቁራጭ ያስገባል፣ ፐርሊኑም ለጊዜው ይቃናል። ችግሩ የላሜራው ጥቅል በተለወጠ ቁጥር ይህ ሁሉ እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። ከዚህም የባሰው፣ ጉድለቱ የሚታይበት ቦታና ጉድለቱ የሚፈጠርበት ቦታ አንድ አለመሆናቸው ነው። ሞገዱ በዓይን የሚታየው ከስድስተኛው ጥንድ በኋላ በመሆኑ፣ ለዓመታት ሲስተካከል የኖረውም ስድስተኛው ጥንድ ነበር።

ሲሙሌሽኑ ምን እንደሚያሳይ ለመረዳት፣ ላሜራው በመስመሩ ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ያስፈልጋል። የፐርሊኑ ጀርባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ሲጓዝ፣ ጠርዙ ግን ወደፊት እየሄደ ወደ ላይም ይነሳል፤ ስለዚህ ከጀርባው የበለጠ መንገድ ይጓዛል፣ ያንን ለመጓዝም መሳሳብ አለበት። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ 300 ሚሊ ሜትር በተራራቁ ሁለት ጥንዶች መካከል 15 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ ጠርዙ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ቦታ ይለውጣል፤ የሚደርስበት የርዝመት መሳሳብም ወደ 0.095 በመቶ ነው። የመታጠፊያው ማዕዘን ወደ 30 ዲግሪ ቢያድግ መሳሳቡ እጥፍ ሳይሆን ወደ አራት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 0.37 በመቶ ይደርሳል። የብረት የመለጠጥ ሞዱለስ (መለጠጥን የመቋቋም ግትርነቱ) 200 ጊጋ ፓስካል ገደማ በመሆኑ፣ ይልድ ስትሬንግዙ (እስከዚያ ድረስ ተስቦ ሊመለስ የሚችልበት የውጥረት ወሰን) 250 ሜጋ ፓስካል የሆነ ላሜራ 0.125 በመቶ ከተሳበ በኋላ ወደ ነበረበት ርዝመት አይመለስም። በ15 ዲግሪው እርምጃ ጠርዙ እንደ ነበረ ይመለሳል፤ በ30 ዲግሪው ግን እስከ መጨረሻው ረዝሞ ይቀራል። የረዘመው ጠርዝ ካልረዘመው ጀርባ ጋር ተያይዞ ሲወጣ ትርፉ ርዝመት የሚሄድበት ስለሌለው ይሞገዳል፣ አለዚያም መላውን ፐርሊን ያጎብጠዋል።

ይህን ያህሉን ስሌት ማንም ሰው በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል፤ መሥራትም አለበት። ሆኖም በወረቀት የሚሠራው ስሌት ላሜራው በሁለቱ ጥንዶች መካከል ባለው ርቀት ሁሉ ቀስ እያለ እንደሚታጠፍ አድርጎ ይወስዳል። በእውነቱ ግን አብዛኛው መታጠፍ የሚፈጸመው ሮለሩ አጠገብ ሲደርስ ባለው አጭር ርቀት ውስጥ በመሆኑ፣ ትክክለኛው መሳሳብ በወረቀት ከተገኘው ይበልጣል። በምን ያህል እንደሚበልጥ በላሜራው ውፍረት፣ በክንፉ ስፋት፣ በሮለሩ ዲያሜትርና ቀደም ባሉት ጥንዶች ውስጥ በደረሰበት መጠንከር ይወሰናል። እንግዲህ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ራሱ አዲስ አይደለም። አንድን አካል በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ውጥረት የሚያሰላው ፋይናይት ኤለመንት የተባለው ስልት ይህን ስያሜ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በአሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ክላፍ ነው። ዛሬ የመኪና ግጭትንም የላሜራ ማጠፍንም ለማስላት የሚያገለግለው ኤልኤስ-ዳይና የተባለው ፕሮግራም ሥሩ በ1976 በሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከተጻፈ ፕሮግራም የሚመዘዝ ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር ቀድሞ በትልልቅ ተቋማት ብቻ ይሠራ የነበረው ስሌት አሁን ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒውተር መሠራቱ ነው። የምገመግማቸው መሐንዲሶች የተጠቀሙት በ2022 ምንጩ ለሕዝብ ክፍት የተደረገውን ኦፕንሬዲዮስን ነው። ለፕሮግራሙ ፈቃድ ክፍያ ስለሌለበት የሚያስከፍሉት ለጉልበታቸውና ለዕውቀታቸው ብቻ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ስመለስ፣ መሐንዲሶቹ በመጀመሪያ የጠየቁት የማሽኑን ሥዕል ነበር፤ ሥዕል እንደሌለን ስንነግራቸው ግን ሥራውን አልተዉትም። መስመሩ በቆመበት ዕለት መጥተው እያንዳንዱን ሮለር በካሊፐር ለኩ፣ የመታጠፊያዎቹን ሬዲየስ በመለኪያ አብነት አረጋገጡ፣ በላይኛውና በታችኛው ሮለር መካከል ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም በስስ የመለኪያ ምላጮች መዘገቡ። ከሁሉ የወደድኩት ኦፕሬተራችንን የጠየቁበት መንገድ ነው። ከመሐንዲሶቹ አንዷ፣ «ጋሼ፣ የትኛውን ቡሎን ነው ብዙ ጊዜ የሚነኩት?» ብላ ጠየቀችው፤ እርሱም ያሳያት ቦታ በኋላ በሪፖርቱ ውስጥ የግራና የቀኝ ክፍተት ልዩነት ጎልቶ የተገኘበት አምስተኛው ጥንድ ሆነ። የአንድን ማሽን ባሕርይ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው አብሮት የሚውለው ሰው መሆኑን ሳይረሱ መምጣታቸው በራሱ የሙያ ብቃት ምልክት ነው።

ቀጥለው የላሜራው የመሳብ ሙከራ ውጤት ካልቀረበ ሥራውን እንደማይጀምሩ አስታወቁ። በመጀመሪያ ይህ ወጪ ማብዛት መስሎ ታይቶን ነበር፤ ጥቅል ላሜራ በገበያችን በአብዛኛው የሚሸጠው በውፍረቱና በክብደቱ እንጂ በጥንካሬው አይደለምና። ነገር ግን ሁለት ጥቅሎች እኩል 2 ሚሊ ሜትር ተብለው ተሸጠው፣ የአንዱ ይልድ ስትሬንግዝ 250፣ የሌላው 350 ሜጋ ፓስካል ሊሆን እንደሚችል ማሰብ በቂ ነው። ጠንካራው ላሜራ እስከ 0.175 በመቶ ድረስ ተስቦ ስለሚመለስ የጠርዙ ሞገድ ይቀንስለታል፤ ከታጠፈ በኋላ ተመልሶ የመከፈት ጠባዩ ግን ይጨምራል። ስለዚህ አንዱን ጥቅል የሚያቃና ማስተካከያ ሌላውን ያበላሻል፤ ኦፕሬተሩም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ከሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ናሙና ቆርጠን አስፈተንን፤ ውጤቱም ለሲሙሌሽኑ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ወዲህ ላሜራ በምንገዛበት ጊዜ የምንጠይቀውን ጥያቄ ለውጦልናል።

ዋጋ ሲሰጡን ሁለት አማራጭ አቀረቡ፤ እዚህ ላይ አንባቢ በጥንቃቄ እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ርካሹ አማራጭ የፐርሊኑን ግማሽ ብቻ የሚያሰላ ነው። የሲ ቅርጽ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ በመሆኑ ግማሹን አስልቶ ሌላው ግማሽ እንደዚያው ነው ማለት የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ የስሌቱንም ጊዜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለጠርዝ ሞገድና ለመታጠፊያ ማዕዘን ይህ በቂ ነው። መጠማዘዝ ግን የሚመጣው ግራና ቀኙ እኩል ካለመሆናቸው ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው ብሎ የሚነሣ ስሌት ደግሞ መጠማዘዝን ከቶ ሊያሳይ አይችልም። መሐንዲሶቹ ይህን ሲጠየቁ በግልጽ አስረድተዋል፤ ሆኖም በዋጋ ማቅረቢያቸው ላይ ሳንጠይቃቸው ሊጽፉት ይገባ ነበር። ችግሩ መጠማዘዝ የሆነበት ደንበኛ ርካሹን አማራጭ ቢገዛ፣ ምንም ጉድለት የማያሳይ የሚያምር ሪፖርት ይዞ ይመለሳል። እኛ ሙሉውን መረጥን።

የስሌቱ ሂደት ከጠበቅነው በላይ ጊዜ ፈጅቷል፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም ጊዜን እጅግ ትንንሽ እርምጃዎች አድርጎ ይቆጥራል። የእርምጃው ርዝመት የሚወሰነው ድምፅ በብረት ውስጥ አልፎ የትንሹን ክፍል ስፋት ለማቋረጥ በሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ክፍል እርምጃው የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ይሆናል። ላሜራው በደቂቃ 10 ሜትር እየተጓዘ 3 ሜትር ለማለፍ 18 ሰከንድ ሲወስድበት፣ ኮምፒውተሩ 18 ሚሊዮን እርምጃ ያሰላል ማለት ነው። ይህ እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ላሜራው ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ወይም ክብደቱ እንዲጨምር ይደረጋል። ነገሩ ማጭበርበር አይደለም፤ ነገር ግን ወሰን አለው። በፍጥነቱ ምክንያት የሚፈጠረው የእንቅስቃሴ ጉልበት፣ ላሜራውን ለማጠፍ ከሚውለው ጉልበት ጋር ሲነጻጸር ከጥቂት በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ብዙዎች 5 በመቶን እንደ ወሰን ይይዛሉ። በተረከብነው ሪፖርት አባሪ ላይ የሁለቱን ጉልበቶች ንጽጽር የሚያሳይ ግራፍ ተያይዞ ነበር። ጥንቃቄ የሚያደርገውን አቅራቢ ከማያደርገው ለመለየት ከዚህ ግራፍ የተሻለ መጠየቂያ አላውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ስሌቱ እንዳይከስም ፕሮግራሙ በየተወሰነ ጊዜ ያስቀመጠው ፋይል ላይ ተነሥቶ እንዲቀጥል ማድረጋቸውንም አመስግኜ አልፋለሁ።

ውጤቱ ምን አሳየ? በመጀመሪያ፣ የጠርዙ መሳሳብ ከወሰኑ የሚያልፈው ሞገዱ በሚታይበት በስድስተኛው ጥንድ ሳይሆን፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ጥንድ በሚደረገው ሽግግር ላይ መሆኑ ታወቀ። በሌሎቹ ጥንዶች ክንፉ በየደረጃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ እዚያ ላይ ብቻ በአንድ ጊዜ 25 ዲግሪ ይዘላል። ምናልባት ማሽኑ ሲሠራ አንድ ጥንድ ለመቆጠብ የተደረገ ይሆናል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የተለኩት የግራና የቀኝ ክፍተቶች እንዳሉ ሲገቡ የተሰላው ፐርሊን የእኛው ፐርሊን ወደሚጠማዘዝበት አቅጣጫ ተጠማዘዘ፤ ክፍተቶቹ እኩል ተደርገው ሲሰሉ ደግሞ መጠማዘዙ ጠፋ። እኔ በግሌ አገልግሎቱን ያመንኩት ይህን ባየሁ ጊዜ ነው፤ በጥርጣሬ ይመለከት የነበረው ኦፕሬተራችንም እንዲሁ።

የቀረበው ምክር ሦስት ደረጃ ነበረው፤ በዋጋ ቅደም ተከተል መቅረቡም መልካም ነበር። ርካሹ በአምስተኛው ጥንድ ላይ ያረጁትን ኩሽኔታዎች መቀየርና ክፍተቱን በልኬት ማስተካከል ነው። ቀጥሎ ያለው፣ ላሜራው ወደፊት በሄደ ቁጥር የመስመሩ ወለል ጥቂት በጥቂት ዝቅ እንዲል የታችኛዎቹን ሻፍቶች መያዣ ማስተካከል ሲሆን፣ ይህም ተጨማሪውን መንገድ ጠርዙ ብቻውን እንዳይሸከመው፣ ጀርባውም እንዲጋራው ያደርጋል። ውዱ ደግሞ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ጥንድ ሮለሮች በአዲስ ማዕዘን ማስቀረጽ ነው። መሐንዲሶቹ ሦስቱንም ለየብቻና በአንድነት አስልተው፣ ሦስተኛው ሳይደረግ ሞገዱ ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ፣ ነገር ግን ሁለቱ ብቻ ተደርገው መጠማዘዙ ሊወገድ እንደሚችል አሳዩን። እኛም በዚያው ቅደም ተከተል ሄድን። ከሁለቱ በኋላ ፐርሊኑ ወለል ላይ ሳይነሳ መጋደም ጀመረ፤ ሮለሮቹ ከተቀረጹ ወዲህ ደግሞ ሞገዱ ቀርቷል።

የጫፍ መክፈትና መጥበብ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ አይጠፋምም። ላሜራው በተከታታይ ሲታጠፍ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ይቀራል፤ ፐርሊኑ ሳይቆረጥ አንዱ ክፍል ሌላውን ስለሚይዘው አይታይም፣ መቁረጫው ሲያልፍ ግን ይለቀቃል። ብዙ ጊዜ ከመስመሩ አስቀድሞ የሚወጣው ጫፍ ይጠባል፣ ኋላ የሚቀረው ይከፍታል። ሪፖርቱ ይህን በትክክል የተነበየ ሲሆን፣ ከመጨረሻው ጥንድ በኋላ ማቃኛ ሮለር እንዲጨመር መክሯል፤ ይህን ገና አላደረግነውም።

ደካማው ክፍል ከታጠፈ በኋላ ተመልሶ የመከፈት ግምቱ ነው። የሲሙሌሽኑ ከንፈር ከእኛው ከንፈር ይልቅ ወደ 90 ዲግሪ የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ በሌላ አነጋገር ብረቱ በእውኑ ከተገመተው በላይ ተመልሶ ተከፈተ። ምክንያቱን ስንጠይቅ ሁለት ነገር ተነገረን። አንደኛ፣ ብረት በአንድ አቅጣጫ ታጥፎ ወደ ሌላው ሲመለስ ቶሎ ይሸነፋል፤ ባውሺንገር ውጤት የሚባለው ይህ ጠባይ በስሌቱ እንዲካተት ላሜራውን ደጋግሞ የመሳብና የመጭመቅ ሙከራ ያስፈልጋል፤ እኛ ያስፈተንነው ግን በአንድ አቅጣጫ መሳብን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በስሌቱ ውስጥ ሮለሮቹ ፈጽሞ የማይበገሩ ተደርገው ተወስደዋል፤ በእውነተኛው መስመር ግን ሻፍቶቹ በጭነት ጊዜ ይጎብጣሉ፣ በዚህም ክፍተቱ ይሰፋል፣ መታጠፊያውም ይላላል። ማብራሪያው አሳማኝ ነው። ቅሬታዬ ይህ ሁሉ በሪፖርቱ ውስጥ አስቀድሞ አለመጻፉ ነው። አንድ ሪፖርት የማዕዘን ግምት ሲሰጥ፣ በምን ዓይነት የብረት ጠባይ ላይ ተመሥርቶ እንደተሰላ በዚያው ገጽ ሊገልጽ ይገባል፤ አለዚያ ደንበኛው ቁጥሩን እንደ ጽኑ እውነት ይዞ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። እኛ የማዕዘኑን ማስተካከያ ሳናስቀርጽ አቆይተን፣ በመጨረሻው ጥንድ ላይ ጥቂት ዲግሪ አልፎ እንዲያጥፍ በሙከራ አስተካክለነዋል።

ያልጠየቅነው ግን ያተረፈን አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የጥሬ ላሜራው ስፋት ነው። ላሜራ ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይሳሳባል፣ የውስጡ ይጨመቃል፤ ርዝመቱ የማይለወጠው መስመር የት ላይ እንደሚውል መገመት ደግሞ የሚፈለገውን ስፋት ይወስናል። እኛ ያ መስመር በውፍረቱ መካከል ላይ እንደሆነ አድርገን እናሰላ ነበር፤ የውስጥ ሬዲየሱ 2 ሚሊ ሜትር በሆነ መታጠፊያ ይህ አሠራር ለፐርሊኑ 276.85 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። መስመሩ ከውስጠኛው ፊት በውፍረቱ 0.4 ላይ ቢወሰድ ስፋቱ 275.59 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ1.26 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ከንፈሮቹን ከልክ በላይ የሚያስረዝም ሲሆን፣ ባለ 6 ሜትር 1,000 ፐርሊን ላይ ሲደመር ወደ 118 ኪሎ ግራም ብረት ነው። ከሲሙሌሽኑ የተገኘው ስፋት ለሁለተኛው ቁጥር የቀረበ በመሆኑ ጥቅሉ የሚሰነጠቅበትን ልክ ለውጠናል።

የሪፖርቱ አቀራረብ መሻሻል አለበት። ጽሑፉ በሙሉ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ማሽኑን የሚያስተካክለው ሰው አላነበበውም፤ ቀይና ሰማያዊ ምስሎቹን ብቻ አየ። መሐንዲሶቹ መጥተው በቃል በአማርኛና በኦሮምኛ አስረድተዋል፤ ማብራሪያውም ከሪፖርቱ እጅግ የተሻለ ነበር። ሆኖም በየትኛው ጥንድ ምን እንደሚደረግ ልኬቱን የያዘ፣ ማሽኑ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ አብሮ ቢሰጥ ኖሮ ለሥራው ይበልጥ ይረዳ ነበር። በተጨማሪም የስሌቱ መነሻ ፋይሎች ርክክብ በውሉ ውስጥ አልተካተተም፤ ነገ ውፍረቱን ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ብንለውጥ ከመጀመሪያው ላለመክፈል ፋይሎቹ በእጃችን መሆን እንዳለባቸው ተነጋግረን በኋላ ተቀብለናል። ሌላ ደንበኛ ይህን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።

ስለ ሐቀኝነታቸው አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። የባለ ጎድን ቆርቆሮ መስመራችንም እንዲሰላ ጠይቀናቸው ነበር። ቆርቆሮው መካከል ላይ እያበጠ ያስቸግረን ስለነበር ሌላ ሥራ ይሆንላቸዋል ብለን ነበር። እነርሱ ግን ጥቅሉን ወለል ላይ ዘርግተው ካዩ በኋላ እብጠቱ ላሜራው ወደ መስመሩ ከመግባቱ በፊት እንደነበረ አሳዩን። በሲሙሌሽን ውስጥ የሚገባው ላሜራ ሁልጊዜ ፍጹም ጠፍጣፋ በመሆኑ፣ ከጥቅሉ ጋር የመጣን ጉድለት ስሌቱ አያየውም። ገንዘባችንን ሳይቀበሉ አቅራቢያችንን እንድናነጋግር መከሩን።

ሌሎቹ አማራጮች ሲታዩ፣ ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩ ሁለት የታወቁ የጀርመን ፕሮግራሞች አሉ፤ እነርሱም የዳታ ኤም ኩባንያ ኮፕራ እና የዩቤኮ ኩባንያ ፕሮፊል ናቸው። ሁለቱም የመታጠፊያውን ቅደም ተከተልና የሮለሩን ሥዕል ከመንደፍ ይጀምራሉ። ከዚያም ኮፕራ ማርክ በተባለው ማስያ ላይ ተመሥርቶ፣ ፕሮፊል ደግሞ ለኤልኤስ-ዳይና ግብዓት አዘጋጅቶ ወደ ሲሙሌሽን ይሻገራሉ። በየሳምንቱ አዲስ ቅርጽ ለሚነድፍ ሮለር አምራች ተገቢ መሣሪያዎች ናቸው። እንደ እኛ ላለ፣ ጥቂት ቅርጾችን ለዓመታት ለሚያመርት ወርክሾፕ ግን የፈቃዱን ክፍያ በውጭ ምንዛሪ መሸፈን፣ በተለይም የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሚታሰብ አይደለም። ሌላው መንገድ የማሽን ሻጩን መጠየቅ ነው፤ አዲስ መስመር ለሚገዛ ሰው ይህ መብቱ ነው፣ አገልግሎ የተገዛ ማሽን ያለው ግን የሚጠይቀው ሻጭ የለውም። በሙከራ ብቻ መሄድም ዋጋ አለው። የሮለር ብረት አንዴ ተቀርጾ ከጠነከረ በኋላ ማዕዘኑ ስህተት ሆኖ ቢገኝ የሚጠፋው ብረቱም የቶርኖው ሒሳብም ነው፤ ለአንድ ጥንድ ሮለር የምናወጣው ደግሞ ከሲሙሌሽኑ ክፍያ ብዙም አይርቅም።

አገልግሎቱን የምመክረው አንድን ጉድለት ለረጅም ጊዜ ሲያስተካክል ለኖረ፣ ወይም አዲስ ሮለር ሊያስቀርጽ ለተነሣ ወርክሾፕ ነው። ማሽኑ ገና ያልተጠገነ፣ ሻፍቱ የሚወዛወዝ ሰው አስቀድሞ ያንን ያስጠግን። ወደ መሐንዲሶቹ የሚሄድ ሰው ከየጥቅሉ የተቆረጠ ናሙና፣ ጉድለቱ ያለበትን ሳይቆረጥ የቀረ ረጅም ፐርሊንና መስመሩ በመካከል ድንገት ሲቆም በውስጡ የቀረውን ላሜራ ይዞ ይሂድ። ይህ የመጨረሻው በየጥንዱ የደረሰውን መታጠፍ እንዳለ ስለሚያሳይ፣ ስሌቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ከእርሱ ጋር በማነጻጸር ነው። እኛ ቀጥሎ ያዘዝነው የዜድ ቅርጽ ፐርሊን ነው፤ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ስላልሆነ ግማሹን ብቻ ማስላት የማይቻልበት ሥራ በመሆኑ፣ በዚህኛው ውል ላይ ርካሽ አማራጭ አልቀረበልንም።